ስለ ተቆረጠ እግር፦ ለሰሃላው ጠያቂ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ከጉልበቴ በታች ከተቆረጥሁ ስምንት ወሬ ነው። የሌለው እግሬ ሌሊት ያመኛል፤ ሰው ሠራሹም አቆሰለኝ።

መልስ፦ በሌለው እግርዎ የሚሰማዎ ሕማም የርኩስ መንፈስ ምትሐት ሳይሆን፣ የተቆረጠው ነርቭና አንጎል እግሩ እንዳለ ያህል መነጋገራቸውን ስላልተዉ የሚመጣ እውነተኛ ሕመም ነው፤ ቀሪውን አካል በመዳፍ ቀስ አድርጎ ማሸት ብዙዎችን ያስታግሳል። ቁስሉ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ቀሪው አካል በመጀመሪያው ዓመት እየሟሸሸ ስለሚሄድ፣ ትናንት ልክ የነበረው የሰው ሠራሹ እግር ማቀፊያ ዛሬ ይላላል፤ የአካባቢዎ የተከዜ ወበቅ ላብ ሲጨምርበት ቆዳው ይላጣል። ስለዚህ እስኪሽር ድረስ በክራንች ይሂዱ፤ ከዚያም ማቀፊያው እንዳይላላ በቀሪው አካል ላይ ካልሲ ይደርቡ፤ ማታ ማታም ሰው ሠራሹን አውልቀው ቀሪውን አካልና ማቀፊያውን በሳሙና አጥበው ያድርቁ። ማቀፊያውን የሚያስተካክሉ የአካል ተሐድሶ ማእከላት በደሴና በባሕር ዳር አሉ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሆኖም ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ የሚያገኟቸው መሰሎችዎ፣ በእኔ ግምት፣ ከሐኪሙ ያላነሰ ያስተምሩዎታል።