ኮማ የት ይግባ? ለመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጆች



የመመረቂያ ጽሑፍ የምናስረክብበት ጊዜ እየተቃረበ ስለሆነ በዚህ እትም የእንግሊዝኛን ኮማ እንመለከታለን። በአማርኛ ስንጽፍ ብዙዎቻችን ነጠላ ሰረዝ የምናስገባው ትንፋሽ በምንወስድበት ቦታ ነው። የእንግሊዝኛ ኮማ ግን የሚገባው የዓረፍተ ነገሩን አሠራር ተከትሎ ነው። በተለይ ሦስት ቦታ ላይ እንጠንቀቅ።

1ኛ. ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች በኮማ ብቻ አይያያዙም። «ሆሳዕና ሄደን፣ መረጃ ሰብስበን፣ ተመለስን» ስንል «ሄደን» እና «ሰብስበን» ብቻቸውን አይቆሙም፤ ሐሳቡን የሚቋጨው «ተመለስን» ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ዊ ዌንት ቱ ሆሳዕና» ብቻውን ይቆማል፤ «ዊ ኮሌክትድ ዳታ»ም እንዲሁ። ስለዚህ በመካከላቸው ነጥብ ወይም ሴሚኮለን እናድርግ፤ አለዚያም ከኮማው ቀጥሎ «ኤንድ» ወይም «ባት» እንጨምር። «ሃውኤቨር» ግን እንደ «ባት» ማያያዣ አይሆንም፤ ከእሱ በፊት ነጥብ ወይም ሴሚኮለን፣ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ኮማ ይገባል።

2ኛ. ባለቤቱን ከግሱ በኮማ አንለይ። «በሌሞ ወረዳ ያነጋገርናቸው ገበሬዎች» የሚለውን ባለቤት በእንግሊዝኛ ስንጽፈው ቢረዝምም፣ ስለረዘመ ብቻ ኮማ አይጨመርበትም። ግሱ ወዲያው ይከተላል።

3ኛ. ከሁሉም የከፋው ትርጉም የሚለውጠው ኮማ ነው። ለምሳሌ «መስኖ ያላቸው ገበሬዎች የተሻለ አመረቱ» የሚል ውጤት አገኘን እንበል። በእንግሊዝኛ «ዘ ፋርመርስ ሁ ሃቭ ኢሪጌሽን» ብለን ያለ ኮማ ከጻፍነው፣ የተሻለ ያመረቱት መስኖ ያላቸው ብቻ ናቸው። «ሁ ሃቭ ኢሪጌሽን» የሚለውን በሁለት ኮማ ካጠርነው ግን ገበሬዎቹ ሁሉ መስኖ አላቸው፣ ሁሉም የተሻለ አምርተዋል ማለት ይሆናል። ከጠየቅናቸው ውስጥ መስኖ የሌላቸው ካሉ፣ በሁለት ኮማ ምክንያት ያላገኘነውን ውጤት ጻፍን ማለት ነው። አማርኛ ሁለቱን ትርጉሞች በአጻጻፍ ስለማይለይ ስሕተቱ በቀላሉ ያመልጠናል።

ረቂቁን ለአማካሪያችን ከመስጠታችን በፊት አንድ ጊዜ ለኮማ ብቻ ብለን እናንብበው። እያንዳንዱ ኮማ ጋ ቆም ብለን እንጠይቅ፦ በግራና በቀኙ ያለው ሁሉ ብቻውን ይቆማል? ባለቤትና ግስ ለያይቷል? ቢወጣስ ትርጉሙ ይለወጣል? ከጓደኛ ጋር ተቀያይረን ብናነብ ደግሞ ለእኛ ያልታየን ለእሱ ይታየዋል።