ዕቃው ገብቶ ሠሪው ደጅ ሲቀር

በዚህች አጭር ጽሑፍ እንግዳን ስለ መቀበል ጥቂት እንማማር። «ይህማ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ጎጃም ውስጥ የመሸበትን ማሳደር መች ጠፋ!» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው። ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ላለ መንገደኛ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ማለት አባቶቻችን ያቆዩልን ወግ ነው። ግን በሩ ለማን ነው የሚከፈተው? በማን ላይስ ነው የሚዘጋው? የዛሬው ጥያቄያችን ይኸው ነው።

የተከፈተው በር

ምሳሌውን ከቅርብ እናንሳ። በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስማቸው የታወቀ ነው። የቆሎ ተማሪ ለትምህርቱ ሲል ካገሩ ይርቃል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መመከቻ ዱላውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከቤት ቤት ይለምናል። የኔታ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁትም፤ የሚመግበው መንደሩ ነው። እስቲ አስቡት፤ ይህን ሁሉ ሊቅ ያፈራው ትምህርት ቤት ለዘመናት የቆየው እናቶች ከመሶባቸው በቆረሱለት ቁራሽ ነው። የማን ልጅ ነህ፣ ዘርህ ምንድን ነው ብለው አይመረምሩም። እምነት በተግባር ሲኖር እንዲህ ነው።

የተዘጋው በር

ታዲያ ያ እንጀራ የተጋገረበትን ምጣድ ማን ሠራው? ገበሬው ያረሰበትን ማረሻስ ማን ቀጠቀጠው? ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ አይደሉም እንዴ? በብዙ የአማራ ገጠር ግን እነዚህ ባለሙያዎች «ቡዳ» እየተባሉ ኖረዋል። ልጅ ሲታመም «በላው» ተብለው የሚጠረጠሩት እነሱ ናቸው። ከእነሱ ጋር መጋባት እንደ ነውር ይታይ ነበር። ዕቃቸው እጓዳ ድረስ ይገባል፣ እነሱ ግን ከደጅ ይመለሳሉ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ስድቡ ከአፋችን ጨርሶ አልወጣም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለዳቸው ይህንኑ በሌላ መልኩ አሳይተውናል። የቅኔ ሊቁ በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ወደ ቤት ይገባል። ባሏ ሊሆን ግን የድኻ ልጅነቱ አይፈቅድለትም። ቤቱ ዕውቀቱን ተቀበለ፣ ሰውየውን ግን አልተቀበለም።

ቃሉስ ምን ይላል?

የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ላደረገው ጥሩ መቀመጫ ሰጥቶ ድኻውን እግር ሥር ማስቀመጥ ከእምነት ጋር እንደማይሄድ ያስተምራል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ደግሞ የናዝሬት ሰዎች ጌታን ራሱን ጸራቢነቱን እያነሡ እንደናቁት እናነባለን። እንግዲህ ባለእጅን በእጁ ሥራ የሚንቅ ክርስቲያን ከናዝሬት ሰዎች በምን ይለያል?

ለራሳችን የቤት ሥራ

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ለቆሎ ተማሪ መስጠት ወግ ስለሆነ ብዙም አይከብድም፤ ጎረቤትም ያመሰግነናል። ለተገፋ ሰው በር ስንከፍት ግን ያው ጎረቤት ሊያማን ይችላል። ሐሜቱን ችሎ በሩን መክፈት ነው እንግዲህ የእምነታችን መለኪያ። ከየት እንጀምር ለምትሉ ሦስት ነገር ልጠቁም።

አንደኛ፣ ስድቡን በቀልድም ቢሆን ከአፋችን እናውጣ። በግቢ ውስጥ «ቀልዴን እኮ ነው» የሚባለው ቃል የሚሰማው ልጅ እናት ሸክላ ሠሪ ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛ፣ በማኅበርና በዝክር ስንሰበሰብ ማን መጣ ብቻ ሳይሆን ማን አልተጠራም ብለን እንጠይቅ። ከዚያም ሄደን እንጥራው።

ሦስተኛው በተለይ እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን ይመለከታል። ስለ ሸክላ ሥራ ዘገባ ስንሠራ የማሰሮውን ፎቶ አንስተን አንመለስ። ሠሪዋ አጠገብ ቁጭ ብለን እንጠይቃት፤ ፈቃዷ ከሆነ ስሟንም እንጻፍ። ቡና አፍልታ ከጋበዘችን ደግሞ ሰበብ ሳንፈጥር እንጠጣላት። ምክንያቱም እንግዳ መቀበል ማለት ማስተናገድ ብቻ አይደለም፣ በተናቀው ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ መገኘትም ነው።