ጉርጥን ለምን እንወግራለን?



በመተማ ምድር የመጀመሪያው ዝናብ በወረደ ሌሊት ከየኩሬው እንቅልፍ የሚነሳ ጩኸት ይሰማል። ሲነጋ ሕፃናት ጉርጥ እያሳደዱ በድንጋይ ይወግራሉ። ለምን ብለን ብንጠይቅ፦ «የእጅ ኪንታሮት ታወጣለች፤ ደግሞም ፈርዖን የተቀጣባት ርጉም ፍጥረት ናት» ይሉናል። ይህ እውነት ነውን? በመጀመሪያ የፍጥረቷን ነገር፣ ቀጥሎም የቅዱስ መጽሐፍን ነገር እንመርምር።

እንቁራሪትና ጉርጥ የአንድ ወገን ፍጥረቶች ናቸው። በዓለም ላይ ከ7,000 በላይ ዓይነቶች አሉ። በአገራችን ከ60 የሚበልጡ ሲገኙ፣ ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይታዩም። በተለምዶ እንቁራሪት የምንላት ቆዳዋ ለስላሳ፣ የኋላ እግሯ ረጅም፣ ዝላይዋም ሩቅ ነው። ጉርጥ ግን ቆዳዋ ሻካራ፣ እግሯ አጭር፣ አካሄዷም ዝግ ያለ ነው።

ሕይወታቸው በአብዛኛው በውኃ ይጀምራል። ወንዱ ጉሮሮውን እንደ ፊኛ ነፍቶ ሴቷን ይጠራል፤ የሌሊቱ ጩኸት ይኸው ነው። ሴቷ በውኃው ውስጥ የምትጥለው የጉርጥ እንቁላል በክር እንደተሰካ ጨሌ ረጅም ሆኖ ይታያል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዓሣ የሚመስል፣ በስንጥብ የሚተነፍስ ባለጅራት ግልገል ይፈለፈላል። ቀጥሎ የኋላ እግሮቹ፣ ከዚያም የፊቶቹ ይወጣሉ፤ በሳምባም መተንፈስ ይጀምራል። ጅራቱ ተቆርጦ አይወድቅም፤ ሰውነቱ ራሱ ቀስ በቀስ ይመጠዋል። ይህ ሁሉ ኩሬው ሳይደርቅ መፈጸም አለበት፤ አለዚያ ግልገሉ ይሞታል።

ክረምቱ ካለፈ በኋላስ? እንቁራሪትና ጉርጥ ውኃን በአፋቸው አይጠጡም፤ በቆዳቸው ይመጥጣሉ፤ በከፊልም በቆዳቸው ይተነፍሳሉ። ስለዚህ በቆላው ፀሐይ ቆዳቸው ከደረቀ አይተርፉም። ከጓንግ ወንዝ ርቀው የሚኖሩት መሬት ቆፍረው ወይም በስንጥቅና በድንጋይ ሥር ተሸሽገው ዝናቡን ይጠብቃሉ። እኛ የምንወግራት ጉርጥ እንግዲህ ያን ሁሉ የበጋ ወራት ታግሣ የወጣች ናት።

የእጅ ኪንታሮት ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ቫይረስ የሚመጣ ነው እንጂ ከጉርጥ አይመጣም። እርግጥ ነው፣ ጉርጥ ከዓይኗ ጀርባ ካሉት እጢዎች የሚወጣ መርዝ አላት። ይህም ሊበላት ከሚመጣ አውሬ የምትከላከልበት ነው። የነካት ሰው ዓይኑን ሳያሻሽ እጁን ቢታጠብ ይበቃዋል።

ጥቅሟንም እንወቅ። ማታ ማታ ምስጥ፣ ጥንዚዛ፣ አባጨጓሬና ትንኝ እየለቀመች ትበላለች፤ ለሰሊጡና ለጥጡ ማሳ ያለ ደመወዝ ዘበኛ ናት ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ እርስዋን ተማምነን ከወባ አንድንም፤ አጎበሩ አይቀርም።

ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 8 ጓጉንቸሮች ግብፅን የሸፈኑት በራሳቸው በደል አልነበረም፤ የፈርዖን ልብ ስለ ደነደነ ነው። ጥፋቱ የንጉሡ እንጂ የፍጥረቱ አይደለም። እግዚአብሔር የውኃንም የምድርንም እንስሳት ፈጥሮ መልካም እንደሆኑ ማየቱን ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ይነግረናል። እርሱ መልካም ያለውን እኛ ርጉም ልንለው አይገባም።

በ2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነ የዓለም አቀፍ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ እነዚህን ከመሰሉ በውኃና በየብስ ከሚኖሩ እንስሳት ከ10 ዓይነት 4ቱ ያህል ለመጥፋት ተቃርበዋል። መኖሪያቸው መጥፋቱ፣ በሽታና የአየር ጠባይ ለውጥ ዋና ምክንያቶች ናቸው። እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም። የተባይ መድኃኒት የረጨንበትን ዕቃ በኩሬ ውስጥ ስናጥብ፣ መርዙ በስስ ቆዳቸው ገብቶ ይጎዳቸዋል፤ ያንኑ ውኃ ከብቶቻችን ይጠጡታል፤ ሰውም ይቀዳዋል።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ዕቃውን ከውኃ ርቀን እንጠብ። ሕፃናትን የምናስተምርም በመጪው ክረምት ድንጋዩን ከእጃቸው በፍቅር እናስጥላቸው። ለደካማ ፍጥረት መራራትን በልጅነቱ ያልተማረ፣ ሲያድግ ለሰው መራራቱ ያጠራጥራል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።