ፎርሃንድሽን ከእግርሽ ጀምሪ

የኔ ልጅ፣ «ፎርሃንዴን ጠንክሬ ስመታ ኳሷ ከሜዳ ትወጣለች፤ ሜዳ ውስጥ ላስቀራት ስል ደግሞ ትለሰልስብኛለች» ብለሽ ነግረሽኛል። ኃይልና ቁጥጥር የተጣሉ መስሎሻል። አልተጣሉም። ሁለቱም የሚመጡት ኳሷ አንቺ ዘንድ ከመድረሷ በፊት ከሚሠራ ሥራ ነው። ሜዳ ዳር ቆሜ ከማያቸው ወጣቶች ብዙዎቹ ክንዳቸውን ይወቅሳሉ፤ ጉድለቱ ግን እግራቸውና ትከሻቸው ላይ ነው። ምክሬን በተራው ያዢው፤ የፊተኛው ሳይረጋ የኋለኛው አይሠራልሽም።

1. አያያዝሽን አስተካክዪ። የራኬት እጀታ ስምንት ገጽ አለው። የሌባ ጣትሽ ሥር ያለው አጥንት የትኛው ገጽ ላይ እንዳረፈ ሳታዪ በእጅሽ ማወቅ አለብሽ። ራኬቱን መሬት ላይ በጠፍጣፋው አስተኝተሽ እንዲያው ብታነሺው የምታገኚው አያያዝ ሰሚ ዌስተርን ይባላል። በጠርዙ አቁመሽ ሰው በምትጨብጪበት አኳኋን ብትይዢው ኢስተርን ነው። ሮጀር ፌደረር የተጫወተው ወደ ኢስተርን በሚጠጋ አያያዝ ነው፤ ዝቅ ብላ ለምትመጣ ኳስ ይመቻል። ለአንቺ ግን ሰሚ ዌስተርኑን እመርጥልሻለሁ፤ አዲስ አበባ ላይ ኳስ ከፍ ብላ ስለምትነጥር ደረትሽ አካባቢ የምትደርስ ኳስ ይበዛብሻል፣ እሷን ደግሞ በዚህ አያያዝ መምታት ይቀላል። መጀመሪያ ላይ እጅሽ እንግዳ ይሆንበታል፤ ታገሺው።

2. እግርሽ አይተኛ። ተጋጣሚሽ ኳሷን በምትመታበት ቅጽበት ትንሽ ዘለል በዪና ተረከዝሽ ሳይረግጥ በእግርሽ ጫፍ አርፊ። ይህቺ ትንሽ ዝላይ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ለመነሳት ታዘጋጅሻለች። ሽቴፊ ግራፍ እ.ኤ.አ. በ1988 በአንድ ዓመት ውስጥ አራቱንም ታላላቅ ውድድሮችና የሴኡል ኦሎምፒክን ወርቅ ስትወስድ ሰው ሁሉ ያወራው ስለ ፎርሃንዷ ነበር። ያንን ፎርሃንድ ግን እግሯ ነበር የሚያደርሰው፤ ወደ ባክሃንዷ የመጣችውን ኳስ እንኳ ዞራ በፎርሃንድ ትመታት ነበር። ወደ ኳሷ ስትሄጂ በረጅም እርምጃ ሂጂ፤ ስትቀርቢያት እርምጃሽን አሳጥሪ።

3. ትከሻሽን ቶሎ አዙሪ። አንድ ነገር ብቻ አስታውሺ ብትዪኝ ይህን እልሻለሁ። ብዙ ልጆች ፎርሃንድ ሲጀምሩ ክንዳቸውን ብቻ ወደ ኋላ ይጎትታሉ፤ ደረታቸው መረቡን እንዳየ ይቀራል። እንዲህ ያለ ምት ከክንድ በቀር የሚያግዘው ኃይል የለም፤ ክንድ ብቻውን ሲታገል ደግሞ አቅጣጫውን ይስታል። ግራ እጅሽ የራኬቱን አንገት እንደያዘ ትከሻሽና ዳሌሽ አብረው ይዙሩ። ከዚያ ግራ እጅሽን ልቀቂና ወደ ጎን፣ ከኋላ መስመሩ ጋር ትይዩ አድርገሽ ዘርጊው። ይህ ሁሉ ኳሷ መረቡን ሳታልፍ ያልቅ። ተጋጣሚሽ በኃይል ስትመታብሽ ይህን ለማድረግ ጊዜ ያለሽ አይመስልሽም። ጊዜውን የሚበላብሽ ግን ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ እስክታረጋግጪ መቆምሽ ነው። ፎርሃንድ መሆኑን ባወቅሽበት ቅጽበት ዙሪ፤ እግርሽ ከዞርሽ በኋላ ይሮጣል።

4. ኃይሉን ከታች አምጪው። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ የሚያጮኸውን ልጅ ተመልክተሽው ታውቂያለሽ፤ ጅራፉ የሚጮኸው ልጁ ስለጨመደደው ሳይሆን ከእግሩ ተነስቶ በወገቡ የወጣው ጉልበት ሳይቋረጥ ጫፉ ላይ ስለደረሰ ነው። ፎርሃንድም እንደዚሁ ነው። ቀኝ ጉልበትሽን እጠፊና ክብደትሽን ቀኝ እግርሽ ላይ ጫኚ፤ ከዚያ መሬቱን ግፊ። ዳሌሽ ይቅደም፣ ደረትሽ ይከተል፣ ክንድሽ ከነራኬቱ መጨረሻ ይምጣ። ተራው ከተዛባና ክንድ ከቀደመ ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ጣቶችሽ ላላ ይበሉ። እጀታውን አጥብቀሽ ስትጨመድጂ የእጅ አንጓሽ ይደርቃል፣ የራኬቱ ራስም ይዘገያል። ኳሷን የምታፈጥናት የራኬቱ ራስ ፍጥነት ናት፤ የጡንቻሽ ጥንካሬ ከእሷ ቀጥሎ ይመጣል።

5. ኳሷን ከፊትሽ አግኚያት። ኳስና ክር የሚነካኩት አንዷ ሴኮንድ ለሺህ ብትከፈል ለአምስቱ ክፍል ያህል ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሐሳብሽን ለውጠሽ ኳሷን ወደ ሌላ አቅጣጫ ልትመሪያት አትችይም። አቅጣጫዋ የተወሰነው ራኬቱ ሳይነካት በፊት ነው፤ በአቋቋምሽና በራኬቱ ገጽ። ስለዚህ ኳሷ ከወገብሽ ጎን እስክትደርስ አትጠብቂ፤ ከፊት እግርሽ ፈንጠር ብላ ሳለች ምቺያት፣ ክንድሽም የሚዘረጋበት ቦታ ይኑረው። ወደ ሰውነትሽ ከተጠጋችብሽ ክርንሽ ይታጠፍና ምትሽ ይጨናነቃል። የፌደረርን ፎቶዎች ፈልገሽ እዪ፤ ኳሷ ከክሩ ከተነሳች በኋላም ዓይኑ የተመታችበት ቦታ ላይ ነው። ራስ ሲቀና ትከሻ አብሮ ይቀናል፣ ምቱም ይበላሻል።

6. ቁጥጥርን ከቁመት ፈልጊው። መረቡ መሐል ላይ 91.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ምሰሶዎቹ ጋ 1.07 ሜትር ይደርሳል። ሜዳው 23.77 ሜትር ይረዝማል፤ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ብትለኪው ግን ከ25 ሜትር ያልፋል። እንግዲህ ወደ ማዕዘን የምትመቺው ኳስ በዝቅተኛው መረብ ላይ ያልፋል፣ ለማረፍም ከአንድ ሜትር በላይ ተጨማሪ ቦታ ያገኛል። ነጥብ እስኪመቻችልሽ ድረስ በዚያ መንገድ ምቺ። መረቡን ለመላጨት አትሞክሪ። ራኬቱን ከኳሷ በታች አውርደሽ ወደ ላይ ስትጠርጊያት ወደ ፊት ትሽከረከራለች፤ ሽክርክሪቱ አየሩን እየገፋ ወደ ታች ይጎትታታል፣ ሜዳ ውስጥም ያስገባታል። ጠንክሮ የሚመታ ሰው ኳሱ ሜዳ ውስጥ እንዲቀርለት የሚያደርገው ይህ ቶፕስፒን ነው። ኹዋን ማርቲን ዴል ፖትሮ እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ኦፕን ፍጻሜ ፌደረርን ያሸነፈበት ዝርግ ፎርሃንድ ያምራል፤ ነገር ግን እሱ 1.98 ሜትር ነው፣ ኳሷንም ከላይ ወደ ታች ያያት ነበር። አንቺ ከዚያ ቁመት አትመቺም። በመረቡ ግራና ቀኝ ሁለት እንጨት አቁሚ፤ ከመረቡ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርገሽ ገመድ ወጥሪና ከጓደኛሽ ጋር ከገመዱ በላይ ተቀባበሉ። ገመዱ ከማንኛውም አሰልጣኝ ንግግር የበለጠ ያስተምርሻል።

7. ያለሽበትን ከፍታ አትርሺ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ አየሯም ከባሕር ዳርቻ አየር በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየሩ ኳሷን ስለማይይዛት ትፈጥናለች፣ ትርቃለች፤ ሽክርክሪትሽም እንደ ቆላው አይነክስም። የጨዋታው ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ የፈቀደው በዚህ ምክንያት ነው። የኳሱ ቆርቆሮ ላይ «ሃይ አልቲትዩድ» የሚል ጽሑፍ ፈልጊ። ይህን የማያውቅ ልጅ ኳሱ በወጣ ቁጥር ክንዱን ይሰስታል፣ ምቱን ያሳጥራል፤ በዚያው ፎርሃንዱ ይሞታል። አንቺ ክንድሽን አትሰስቺ፤ ይልቅ ጠረጋሽን ጨምሪ። ወደ ዝቅተኛ አገር ሄደሽ ስትጫወቺ ደግሞ ኳሷ አጥራ ብትወድቅብሽ አትደንግጪ፤ ከፍ አድርጊያት።

8. የራፋኤል ናዳልን አጨራረስ አትቅጂ። ራኬቱ ከናዳል ራስ በላይ ዞሮ ያልቅ የነበረው ከታች የተነሳው ጠረጋ ወደዚያ ስለሚወስደው ነው። አጨራረስ ምቱ ያለቀበት ቦታ ነው፤ ሥሩን ከሠራሽ ራሱ ይመጣል።

9. ስለ ክር። ጉስታቮ ኩርተን እ.ኤ.አ. በ1997 የሮላን ጋሮስን ውድድር በፖሊስተር ክር ካሸነፈ ወዲህ ወጣቱ ሁሉ ያንኑ ይፈልጋል። ሽክርክሪት ይሰጣል፤ ግን ደረቅ ነው፣ ላልጠና ክንድም አይራራም። ለአሁኑ ለስላሳውን ክር አስወጥሪ። ክርንሽ ላይ ሕመም ከተሰማሽ ለአሰልጣኝሽ በዚያኑ ቀን ንገሪ፤ ታግሦ መጫወት ጀግንነት አይደለም።

10. መጀመሪያ በግማሽ ፍጥነት ተለማመጂ። ዝላይሽ፣ ዙረትሽና የግራ እጅሽ መዘርጋት ሳታስቢያቸው መምጣት እስኪጀምሩ ድረስ ማንንም ለማሸነፍ አትጫወቺ። ፍጥነቱን ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሪ። እንጨቶቹንና ገመዱን ስታዘጋጂ ላኪብኝ፤ እኔም መጥቼ ከዳር ሆኜ ትከሻሽን አይልሻለሁ።