የምስክር ወረቀትና የሮኬት ውድቀት፤ ለነጋዴ የሚሆን ትምህርት

ነጋዴ ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ ሁለት ነገሮችን ይረከባል። አንደኛው ዕቃው ራሱ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ዕቃው ጥራት የሚመሰክረው ወረቀት ነው። ወረቀቱና ዕቃው ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚደርሰው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ፣ ሮኬት እየሠሩ በዋጋ የሚያስወነጭፉ ኩባንያዎች ታሪክ በግልጽ ያስረዳል። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሮኬት የአንድ ፋብሪካ ሥራ ብቻ አይደለም። ልዩ ልዩ ክፍሎቹ ከብዙ አቅራቢዎች ተገዝተው ይገጣጠማሉ። ከተነሣ በኋላ ደግሞ ጠጋኝ አይደርስበትም። ስለዚህ የሕዋ ንግድ ችግር ዕቃን በወቅቱ ማግኘት ብቻ ሳይሆን፣ የመጣው ዕቃ በእርግጥ የታዘዘው መሆኑን ማረጋገጥም ነው።

በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ናሳ የተባለው የአሜሪካ የሕዋ መሥሪያ ቤት፣ ኦርቢታል ሳይንስስ የተባለ ኩባንያ በሠራው ቶረስ ኤክስ ኤል ሮኬት፣ በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን የሚለካ ሳተላይት ላከ። ሳተላይቱን የሚጠብቀው የሮኬቱ አፍንጫ ሽፋን ከፍታ ላይ ተከፍቶ መውደቅ ነበረበት፤ ነገር ግን ሳይለይ ቀረ። ሮኬቱም ከነክብደቱ ተገቢውን ፍጥነት ለማግኘት ስላልቻለ ሳተላይቱ ከባሕር ወደቀ። መርማሪዎች ልዩ ልዩ ምክንያቶችን ገመቱ፤ ሽፋኑን የሚገፋው የጋዝ መሣሪያም ተለወጠ። ይሁን እንጂ በማርች 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ግሎሪ የተባለው ሳተላይት በዚያው ዐይነት ሮኬት ሲላክ በዚያው አኳኋን ጠፋ። የሁለቱ ኪሣራ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ናሳ በኋላ እንዳስታወቀው፣ ጥፋቱ የመጣው ከሽፋኑ መጋጠሚያ ነው። መጋጠሚያው በጊዜው እንዲሰበር ታስቦ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነበር። አሉሚኒየሙን ያቀረበው በኦሬጎን የሚገኘው ሳፓ ፕሮፋይልስ ግን የጥንካሬውን የፈተና ውጤት እየለወጠ የምስክር ወረቀት ይሰጥ ኖሯል። ይኸው ማታለል 19 ዓመት የቆየ ሲሆን፣ በሺህ የሚቆጠሩ ወረቀቶች በመቶ ለሚቆጠሩ ደንበኞች ደርሰዋል። ከምክንያቶቹም አንዱ የሠራተኞች ጉርሻ በምርት ብዛት መታሰቡ ነበር። በ2019 ዓ.ም. ኩባንያው 46 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ይህ ገንዘብ ከጠፋው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አያህልም።

ከዚህ እንደምንረዳው ሐሰተኛ ወረቀት ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በመጀመሪያ የማይረባውን ዕቃ ያስገባል፤ ቀጥሎም ጥፋት በደረሰ ጊዜ የመርማሪውን ዓይን ወደ ሌላ ያዞራል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ ሁልጊዜ የሻጭ ብቻ አይደለም። በጁን 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ስፔስ ኤክስ ለዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ስንቅና ዕቃ የጫነበት ሮኬት በአየር ላይ ፈረሰ። ኩባንያው እንዳስታወቀው፣ 10,000 ፓውንድ ኃይል ይችላል የተባለው የሂሊየም ጋን መደገፊያ ዘንግ በ2,000 ፓውንድ ተሰብሯል። የናሳ መርማሪዎች ግን ገዢውንም ወቀሱ፤ ዘንጉ ለተራ ፋብሪካ ሥራ የሚውል ዐይነት ሆኖ ሳለ በሚገባ አልተፈተነም፤ የሠሪውም ማስጠንቀቂያ አልተጠበቀም አሉ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ዘንጎቹን አንድ በአንድ እንደሚፈትን አስታወቀ።

«ያመኑት ፈረስ ጥሎ ይሄዳል በደንደስ» እንደተባለው፣ የቆየ ደንበኝነት ከምርመራ አያድንም። ስለሆነም አስተዋይ ነጋዴ ሦስት ነገሮችን ይጠብቃል። ከሚረከበው ዕቃ ጥቂቱን ራሱ ያስፈትናል፤ በብዛት የሚከፈለውን ሠራተኛ በጥራት ላይ ምስክር አያደርግም፤ እያንዳንዱም ወረቀት የየትኛው ዕቃ እንደሆነ በመዝገብ ይይዛል። የምርመራ ወጪ በዕለቱ ይከብዳል፤ ያልተመረመረ ዕቃ ዋጋ ግን የሚታወቀው ከጠፋ በኋላ ነው።