አሮጌውን መኪና በጭማሪ መቀየር፦ ሒሳቡ ከየት ይጀመር?

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ ሻጭና ገዢን የሚያግባባ አንድ ቃል አለ፤ ‹‹ጭማሪ›› ይባላል። ያገለገለ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ይዞ ወደ መኪና መሸጫ የገባ ሰው፣ ከብዙ ድርድር በኋላ ይዞት የሚወጣው ቁጥር የመኪናው ዋጋ አይደለም። በአሮጌው ላይ ስንት ጨምሮ አዲሱን እንደሚረከብ የሚነግረው ቁጥር ነው። ደላላውም፣ ሻጩም፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለንብረቱም ከዚህ ወዲያ አያዩም። ጭማሪው ግን የሒሳቡ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። በተለይ ገንዘቡን ከሱቁ ካፒታል ቀንሶ ለሚከፍል ነጋዴ፣ ጉዳዩ የመኪና ምርጫ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ አመዳደብ ጥያቄ ነው።

የማያረጅ ዋጋ

በኢኮኖሚክስ ትምህርት መኪና ዋጋው በየዓመቱ እየቀነሰ ለሚሄድ ንብረት የተለመደ ምሳሌ ነው። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ አዲስ መኪና ከመሸጫው ከወጣበት ዕለት ጀምሮ ዋጋው ያሽቆለቁላል። በኢትዮጵያ ግን አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት የተነዳ መኪና ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ ማየት ማንንም አያስደንቅም። ይህ የሆነው መኪናው ስላላረጀ አይደለም፤ የሚተካው መኪና እየተወደደ ስለሄደ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ግብር ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 መሠረት እስከ 1,300 ሲሲ ያለው የቤት አውቶሞቢል 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ ያለው 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ 100 በመቶ ኤክሳይዝ ይከፍል ነበር። ይህ ለብቻው የሚታሰብ አልነበረም። 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ቀድሞ ይገባል፤ በላዩ ኤክሳይዙ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በሁሉም ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይደረባል። ከፍተኛው ኤክሳይዝ የወደቀበት መኪና ይህ ሁሉ ተደራርቦበት ሲወጣ ወደብ ከደረሰበት ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ያርፍ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ያገለገሉ መኪናዎችን በዕድሜያቸው እየለየ፣ ለአሮጌዎቹ ኤክሳይዙን እስከ 500 በመቶ አደረሰው። አገር ውስጥ ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ዋጋ ያወጣው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብሩ ራሱ ነው። በ1985 ዓ.ም. መስከረም የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ተሻገረ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር 15 በመቶ ዋጋውን እንዲያጣ ተደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መኪና በዶላር ስለሚገዛ፣ በየግቢው የቆመው ሁሉ አንዲት ኪሎ ሜትር ሳይነዳ በብር ተወደደ።

ባለንብረቱ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት በ320 ሺህ ብር የተገዛ መኪና ዛሬ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ያወጣል እንበል። ሰውየው አምስት እጥፍ ያተረፈ ይመስለዋል፤ ‹‹ባለበት ሰዓት ልቀይረው›› ይላል። ነገር ግን ያኔ በ720 ሺህ ይገኝ የነበረው የተሻለ መኪና እሱም አምስት እጥፍ አድጎ 3 ሚሊዮን 600 ሺህ ሆኗል። ያኔ ጭማሪው 400 ሺህ ብር ነበር፤ አሁን 2 ሚሊዮን ነው። የአሮጌው ዋጋ መውጣት ትርፍ የሚሆነው መኪናውን ሸጦ ዳግም ለማይገዛ ሰው ብቻ ነው።

ጭማሪው እንዴት ይሸሸጋል?

ወደ መሸጫው እንመለስ። የሁለቱ መኪናዎች የእጅ በእጅ ዋጋ ከላይ የተጠቀሰው ከሆነ ትክክለኛው ልዩነት 2 ሚሊዮን ብር ነው። ሻጩ ግን ‹‹ያንተን በ1 ሚሊዮን 750 ሺህ እይዝልሃለሁ›› ይላል። ባለንብረቱ በዚህ ዋጋ ደላላ እንኳ ጠርቶለት ስለማያውቅ ደስ ይለዋል። አዲሱ መኪና በዚያው አፍ 3 ሚሊዮን 850 ሺህ ይባላል። ጭማሪው 2 ሚሊዮን 100 ሺህ ሆነ። ገዢው በአሮጌው 150 ሺህ አተረፍሁ እያለ 100 ሺህ ከስሮ ይወጣል። ሻጩ አልዋሸም፤ ሁለቱን ዋጋዎች አንድ ላይ አደረጋቸው እንጂ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ግን የሚያደርገው ጥቂት ሰው ነው። የራስን መኪና ስለመቀየር አንድም ቃል ሳይተነፍሱ የአዲሱን የእጅ በእጅ ዋጋ ቢያንስ ከሁለት ቦታ መጠየቅ፣ አሮጌውንም ለብቻው ለደላሎች አቅርቦ የቁርጥ ዋጋውን ማወቅ ነው። ከዚያ በኋላ መሸጫው ከሁለቱ ልዩነት ትንሽ ከፍ ያለ ጭማሪ ቢጠይቅ እንኳ ሊያዋጣ ይችላል። አሮጌውን ለብቻ ሸጦ አዲሱን ለብቻ መግዛትም ወጪ አለውና። በልማድ ከመቶ ሁለት የሚከፈለው የደላላ ኮሚሽን በአሮጌው ላይ 32 ሺህ፣ በአዲሱ ላይ 72 ሺህ ብር ይሆናል። የስም ማዛወሪያው የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ሌላ 72 ሺህ ነው። በድምሩ 176 ሺህ ብር መኪናው ሳይነሳ ያልቃል።

የ2 ሚሊዮኑ ብር ሥራ

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ ‹‹አዲስ ሞዴል›› ሲባል ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ መኪና ማለት ሆኗል። ከዚያ አስቀድሞ በ2014 ዓ.ም. ለእነዚህ መኪናዎች ኤክሳይዙ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱና ሱር ታክሱ ተነሥቶ ነበር። በሌላ በኩል በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሣት ሲጀምር ከ50 ብር በታች የነበረው ሊትር ቤንዚን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ለመቀየር የሚነሣው ሰው ቀዳሚ መከራከሪያ ነዳጅ ነው። መከራከሪያው እውነት አለው፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን ይሰላ።

ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲያመቹ የተመረጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ማስገባት ይችላል። በከተማ ውስጥ በወር 1,500 ኪሎ ሜትር የሚነዳ፣ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 150 ሊትር ይጠጣል። ሊትሩ በ130 ብር ቢታሰብ በዓመት 234 ሺህ ብር ነው። ኤሌክትሪኩ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅና አንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ከብክነቱ ጋር በ10 ብር ቢያዝ በዓመት 27 ሺህ ብር ይወስዳል። ቁጠባው 207 ሺህ ነው። በጋራዥ ወጪ 60 ሺህ ይተርፋል ቢባል፣ አዲሱ መኪና የግድ የሚፈልገው ሙሉ ኢንሹራንስ ያንኑ ያህል መልሶ ይበላዋል። ለአሮጌው ብዙ ሰው የሚገባው አስገዳጁን የሦስተኛ ወገን ብቻ ነውና።

እንግዲህ 207 ሺህ ብር ለማዳን 2 ሚሊዮን ብር ተቀመጠ። ይኸው ገንዘብ በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ 140 ሺህ ያስገኛል። የቀረው ጥቅም 67 ሺህ ብር ነው። አዲሱ መኪና በዓመት ከዋጋው አሥር በመቶ፣ ማለትም 360 ሺህ ብር ቢያጣ ግን ቁጠባው ተበልቶ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ኪሳራ ይመጣል። የ176 ሺሁ የመቀየሪያ ወጪ ገና አልተነካም።

ገንዘቡን በዕቃ ለሚያዞር ነጋዴ ሒሳቡ ይብሳል። ካፒታሉ በዓመት 20 በመቶ የሚመልስለት ከሆነ በመኪና ላይ ያሰረው 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ትርፍ አሳጥቶታል። የሒሳብ መዝገቡ ላይ ይህ ወጪ አይታይም፤ በዓመቱ መጨረሻ መደርደሪያው ላይ በሚጎድለው ዕቃ ይታወቃል እንጂ። ተበድሮ ለሚቀይርማ የባንኩ ወለድ በየወሩ ራሱ ያስታውሰዋል።

ከአዲስ አበባ አዳማ በወር ሃያ ጊዜ የሚመላለስ ሰው ግን ሌላ ነው። 4,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ የነዳጅና የኤሌክትሪኩ ልዩነት በዓመት 552 ሺህ ብር ይደርሳል። የባንኩን 140 ሺህና የዋጋ ቅናሹን 360 ሺህ ችሎ 52 ሺህ ያስተርፋል። አሮጌ መኪና በዚህ ርቀት የሚጠይቀው ጎማ፣ ፍሬን ሸራና ፍሪሲዮን ሲጨመርበት መቀየሩ ያዋጣዋል። የሚያከራክረው ነገር የሞዴሉ ዓመት ሳይሆን ኪሎ ሜትሩ ነው።

አሥር በመቶ ቅናሽ ለምን ታሰበ የሚል ይኖራል፤ ‹‹በኛ አገር መኪና አይወርድም›› ባይ ነውና። ያ አባባል የተገነባው አቅርቦቱ በግብር በተያዘበት ዘመን ነው። ዛሬ በሩ የተዘጋው ለቤንዚን መኪና ነው፤ ለኤሌክትሪኩ ክፍት ነው። በየወሩ አዲስ በሚገባ ዕቃ ላይ አሮጌው ዋጋውን ይዞ ይቆያል ብሎ መተማመን ያስቸግራል። ባትሪውም ያረጃል። ገበያው ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ የሆነው ቮልስዋገን አይዲ 6 ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው። የእንዲህ ያለ መኪና የፋብሪካ ዋስትና ባሕር ተሻግሮ ይመጣል ብሎ መግዛት የዋህነት ነው። በአንጻሩ የብር ምንዛሪ ዳግም ቢወርድ ኤሌክትሪኩም በብር ሊወደድ ይችላል። የቤንዚን መኪናም አይዞህ የሚባል አይደለም፤ ክልከላው በአንድ ውሳኔ እንደመጣ በአንድ ውሳኔ ሊነሣ ይችላል።

ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው

እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉ አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ምሁር ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ አንድ አጭር ጥናት አሳትመው ነበር። አሜሪካኖች ችግሩ የማያልቅ መኪና ‹‹ሎሚ›› ይላሉ። ሻጩ መኪናው ሎሚ መሆን አለመሆኑን ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ስለዚህ ገዢው ለሁሉም አማካይ ዋጋ ይሰጣል፤ ደህና መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ላይ የሚቀረው ሎሚው ነው። ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

የአዲስ አበባ ደላላ ይህን ጥናት ሳያነብ ያውቀዋል። ‹‹ሞተሩ ያልተፈታ፣ ስቱኮ ያልነካው›› እያለ የሚምለው ለዚሁ ነው። ሞተሩን አስፈትቶ፣ ከሶማሌ ተራ ደህና መለዋወጫ ገዝቶ በደንብ ያስጠገነ ባለንብረት መኪናው ከጎረቤቱ እንደሚሻል ያውቃል። ገዢው ግን ‹‹ተፈቷል›› በሚለው ብቻ ዋጋ ይቀንሳል። ለጥገናው የወጣው ገንዘብ በሽያጭ አይመለስም፤ የሚመለሰው በመንዳት ብቻ ነው። እንግዲህ ጥገና ጨርሶ በማግስቱ ለመቀየር መውጣት ሁለት ጊዜ መክሰር ነው። ተቃራኒውም አለ፤ ‹‹ይህን ያህል አውጥቼበት እንዴት እሸጠዋለሁ?›› እያሉ ካምቢዮውም ሲያቃስት ማስታመም። የወጣው ወጥቷል፤ መታየት ያለበት ከዛሬ ወዲያ የሚጠይቀው ነው።

ለዚህም የአንድ ክፉ ወር ደረሰኝ አይበቃም። የአሥራ ሁለት ወር የጋራዥ ወጪ ይደመር፤ መኪናው የቆመባቸው ቀናትም አብረው ይቆጠሩ። ደንበኛ ዘንድ በሰዓቱ መድረስ ሥራው ለሆነ ደላላ ወይም አከፋፋይ፣ በወር አራት ቀን ጋራዥ የሚያድር መኪና ከሚጠጣው ቤንዚን ይልቅ በሚያስቀረው ገቢ ይከብዳል። እንዲህ ያለውን መኪና ገበያው በአማካይ ዋጋ እስከተቀበለው ድረስ ማቆየት አያዋጣም። ደህና ሆኖ በአማካይ ዋጋ የሚጠየቀውን ግን በዚያ ዋጋ መስጠት ለገዢው ስጦታ ነው።

መቀየሩ ከተወሰነ በአንድ ቀን ሁለት ሽያጭ እንደሚፈጸም መዘንጋት አይገባም። የሚመጣው መኪና ሊብሬ ላይ ያለው ስም ከፊት የተቀመጠው ሻጭ ስም መሆኑ፣ የባንክ እዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩ ይጣራል፤ ኤሌክትሪክ ከሆነ የባትሪው ቀሪ አቅም በመመርመሪያ መሣሪያ ይነበባል። አሮጌውን በውክልና ብቻ አስረክቦ መሄድ የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው። ስሙ ሳይዛወር አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የሚፈለገው በሊብሬው ላይ የተጻፈው ሰው ነውና፣ ከጭማሪው ላይ የተወሰነው ገንዘብ የሁለቱም መኪናዎች ስም እስኪዛወር ድረስ እንዲቆይ በውሉ ላይ ማስፈር ይሻላል።