አቦሉን ከቶናው ማን ይለያል?

ቡና ሲፈላ አይቶ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ቡናው ይለቀማል፤ ይታጠባል፤ ይቆላል፤ ይወቀጣል፤ ጀበናው ተጥዶ ከፈላና ከሰከነ በኋላ ይቀዳል። ቀጥሎ በዚያው ጀበና ውሃ ተጨምሮ ቶናው፥ ከዚያም በረካው ይፈላል። በሦስቱም ጊዜ እጅ የሚሠራው አንድ ነው፤ መጣድ፥ ማስከን፥ መቅዳት። ጀበናውም ከውጭ ሲያዩት ያው ጥቁር ጀበና ነው። እንግዲህ ቡና የምታፈላው ሴት ጨዋታዋን ሳታቋርጥ ይህ ሁለተኛው ነው፥ ይህ ሦስተኛው ነው ብላ በምን ታውቃለች? ጥያቄው የቀልድ ቢመስልም የሥነ ልቡና ሊቃውንትን ከሰባ ዓመት በላይ ያከራከረ ነው።

ቀድሞ ብዙዎቹ ሊቃውንት የሥራን ተራ እንደ ሰንሰለት ይቈጥሩት ነበር፤ አንዱ ድርጊት ሲፈጸም የሚቀጥለውን ይጐትታል ማለት ነው። አሜሪካዊው ካርል ላሽሊ ግን በ1948 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ አሰምቶ በ1951 ባሳተመው ንግግሩ ይህን አሳብ ነቀፈው። የፒያኖ ተጫዋች ጣቶች በአንድ ሴኮንድ እስከ 16 ጊዜ ሊመቱ ይችላሉ፤ የአንዱ ጣት ወሬ አንጐል ደርሶ የሚቀጥለውን ትእዛዝ ይዞ እስኪመለስ ጊዜ አይበቃም። ስለዚህ የመላው ሥራ ንድፍ ከድርጊቱ አስቀድሞ በአንጐል ውስጥ መኖር አለበት አለ። በእኛም ምሳሌ ቢሆን መቅዳት መጣድን የሚጐትት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጀበናው እስከ ማታ ሲጣድ በዋለ ነበር!

ይህ ንድፍ ሲበላሽ ሰው ምን ይሆናል? በ1928 በሞንትሪዮል ከተማ የአንጐል ሐኪሙ ዊልደር ፔንፊልድ የገዛ እኅቱን ቀዶ አከመ። በግንባሯ በስተኋላ በቀኝ በኩል ዕጢ በቅሎባት ስለ ነበረ የዚያን የአንጐል ክፍል አብዛኛውን ቈርጦ አወጣው። ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ለአንድ እንግዳና ለአራት ቤተ ሰቦቿ ራት ልታበላ አሰበች። ወንድሟ በቀጠሮው ሰዓት ቢመጣ የምግቡ ዓይነት ሁሉ ቀርቧል፤ አንድ ሁለቱም ምድጃ ላይ ተጥዷል፤ ነገር ግን ሰላጣው አልተዘጋጀም፤ ሥጋው ገና አልተጀመረም፤ እርሷም ለብቻዋ ስትለፋ ቈይታ ተጨንቃለች፥ ግራ ገብቷታል። ጥቂት ቢያግዟት ሁሉም ወዲያው ደረሰ። ፔንፊልድ ይህን በ1935 ከኢቫንስ ጋር ሆኖ ጽፎታል።

ስለዚህ ጉዳይ ካነበብሁት ሁሉ እንደዚህ ራት ልቤን የነካው የለም። ሥጋ መጥበስ አልጠፋባትም፤ የጠፋባት ተራው የየትኛው እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት ጎረቤት ቢያያት «ሰነፈች»፥ «ቀልቧ የለም» ማለቱ አይቀርም። ይህ ፍርድ በስንቱ በሽተኛ ላይ እንደ ተፈረደ ማን ቈጥሮት!

ኖርማንና ሻሊስ በ1980 ነገሩን በሁለት ከፈሉት። የለመድነው ሥራ በራሱ ይሄዳል፤ አዲስ ወይም አስቸጋሪ ነገር ሲመጣ ግን አንድ ተቈጣጣሪ ጣልቃ ይገባል አሉ። አሳቡ ብዙ ነገር ያስረዳል፤ ይሁን እንጂ ለእኔ ሹም ሾሞ እንደ መገላገል ይመስለኛል። ሹሙንስ ማን ይቈጣጠረዋል?

በ2004 ቦትቪኒክና ፕላውት ያለ ሹም ሞከሩት። በኮምፒዩተር ውስጥ የነርቭ ሕዋሳትን የሚመስል መረብ ሠርተው ቡናና ሻይ ማዘጋጀትን በልምምድ አስተማሩት። መረቡ በየእርምጃው ያለፈውን ሥራ አሻራ ይዞ ይሄዳል፤ አሻራውን ሆን ብለው ሲያደበዝዙት እንደ ሰው ይሳሳት ጀመር።

ከዚህም አንድ ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። ሰው የሚሳሳተው በአብዛኛው በሁለት ሥራዎች መጋጠሚያ ላይ ነው። ታዲያ በመጋጠሚያው ላይ የመጣ ጥሪ ይበልጥ የሚያሳስት አይመስልምን? በ2005 ቡና በሚያዘጋጁ ሰዎች ላይ ሲፈተን ግን የባሰው በአንዱ ሥራ መካከል የመጣው ማቋረጥ ሆነ። ምክንያቱም በመካከል ሳለን እጃችን የሚፈልገው ቅርቡን እርምጃ ብቻ ስለ ሆነ የጠቅላላው ሥራ አሻራ በዚያን ጊዜ ቀጭን ነው፤ ያን ጊዜ የተበጠሰው የሚታወቀው ግን ቈይቶ፥ መጋጠሚያው ላይ ሲደረስ ነው። እንግዲህ ቡና በመውቀጥ ላይ ያለችውን ሴት የምትጠይቋት ነገር ቢኖር ዘነዘናውን እስክታስቀምጥ ድረስ ቈዩ።